ከቡሌ ደጋ እስከ ዲላ፦ ያገለገለ ባለ ሁለት ምት ሞተር በጌዴኦ ዳገትና ቁልቁለት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የተሰናዳው ያገለገለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ይዘው የጌዴኦን ዳገትና ቁልቁለት ለሚመላለሱ፣ ለመግዛት ላሰቡና በየጋራዡ እነዚህን ሞተሮች ለሚጠግኑ ሁሉ ነው።

ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሞተረኛ ከተማውን ሲለቅ ሸሚዙ ይበቃዋል፤ ደጋው ላይ ሲደርስ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ይዘጋል። ብርዱ ለማንም ግልጽ ነው። የአየሩን መሳሳት ግን ከነጂው ቀድሞ የሚያውቀው ሞተሩ ነው። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። የቡሌ ወረዳ ደጋ ደግሞ 2,800 ሜትር የሚደርሱ ቦታዎች አሉት። በባሕር ዳርቻ ያለው የአየር ግፊት መቶ ነው ቢባል፣ ዲላ ላይ 83፣ ቡሌ ደጋ ላይ 71 ገደማ ይሆናል። ሞተር የሚሠራው ቤንዚን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲቃጠል ነውና አየሩ በቀነሰ ቁጥር ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ዲላ ላይ ቆሞ የሚያጓራው ሞተር ፋብሪካው የሰጠውን ጉልበት ሩብ ወደሚጠጋ ያህል ሊያጣ የሚችለው አንድም ዕቃ ሳይበላሽበት፣ ደጋው ላይ በመድረሱ ብቻ ነው።

ይህን የማያውቅ ባለሞተር ደጋ ላይ ሞተሩ ሲደክምበት ወዲያው ካቻቢቴ ያነሣል። አንዱን ብሎን ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ የነዳጁን ቀዳዳ ያስቀይራል። ሞተሩ እዚያው ደጋ ላይ ይነቃለታል። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ወደ ዲላ ሲወርድ ነው። የዚህ ዝግጅት ዋና ነገርም እዚህ ላይ ነው፦ በጌዴኦ መልክዓ ምድር ላይ ባለ ሁለት ምት ሞተርን በብዛት የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። እንዴት የሚለውን ደረጃ በደረጃ እንመጣበታለን።

በመጀመሪያ ስለ ሞተሮቹ ጥቂት እንበል። በኢትዮጵያ ገጠር ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ለብዙ ዓመታት የግብርና ባለሙያውን፣ የጤና ሠራተኛውንና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛውን ሲያመላልሱ ኖረዋል። መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የጨረሱትን በጨረታ ሲያስወግዱ ሞተሮቹ ወደ ግለሰብ እጅ ይገባሉ። ኤጂ 100 ከመነሻው ለገበሬ ተብሎ የተሠራ ሞተር ነው። ሞተሩ 97 ሲሲ ብቻ ነው፤ ከፊትም ከኋላም መጫኛ አለው፤ በግራም በቀኝም ማቆሚያ ስላለው ወጣ ገባ መሬት ላይ በፈለጉት ጎን ይቆማል፤ ካቴናው ዙሪያውን በሽፋን የተዘጋ ስለሆነ የጌዴኦ ቀይ ጭቃ በቀላሉ አይደርስበትም። በየከተማው ከሚታዩት ባጃጆች መካከልም የድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው። የሲሊንደራቸው ስፋትና የፒስተናቸው ጉዞ እኩል 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይዘታቸው 145 ሲሲ ነው። ከእነዚህ በኋላ በብዛት የተሸጡት ሞተሮች ግን ባለ አራት ምት ናቸው፤ ስለዚህ ባለ ሁለት ምቱን የሚያውቅ ወጣት መካኒክ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው። ይህ ደግሞ ባለንብረቱ ራሱ እንዲያውቅ ያስገድደዋል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ባለ አራት ምቱ ያሉ ቫልቮች የሉትም፤ ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ መዞሪያ ዘንግ፣ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ባለ አራት ምቱ የሚተኩሰው በሁለት ዙር አንዴ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ምቱ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ለተራራ የተወደደውም ለዚህ ነው። በካናዳና በአሜሪካ ተራሮች ጥልቅ በረዶ ላይ የሚነዳው፣ ስኖውሞቢል የሚባለው ባለ ሸርተቴ ተሽከርካሪ እስከ ዛሬ በአብዛኛው በባለ ሁለት ምት ሞተር የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያም ችግሩ አንድ ነው፤ ተራራው ከፍ ባለ ቁጥር ሞተሩ ይደክማል። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኪ-ዱ የተባለውን ስኖውሞቢል የሚያመርተው የካናዳው ቦምባርዲየር ተተኪ ኩባንያ በ2020 እ.ኤ.አ. አየር በኃይል የሚያስገባ ተርቦ የተገጠመለት ባለ ሁለት ምት ሞተር አውጥቷል። ዓላማውም ከፍታው የሚወስደውን ጉልበት መመለስ ነበር። የጌዴኦ ሞተረኛ ተርቦ የለውም። ያለው ካርቡሬተርና የራሱ ጥንቃቄ ነው።

ሌላው ልዩነት የዘይቱ ነገር ነው፤ ይህን የሳተ ሞተሩን ሊያድነው አይችልም። ባለ አራት ምት ሞተር ከሥሩ የተጠራቀመ ዘይት አለው፤ ያው ዘይት እየተረጨ፣ እየተመለሰ ሁሉን ያለሰልሳል። በባለ ሁለት ምቱ ግን የቤንዚንና የአየር ቅልቅሉ መጀመሪያ የሚገባው ኮሎው ወዳለበት ክፍል ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። እዚያ ክፍል ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት የለም። ኮሎውን፣ ቢዬላውን፣ ኩሽኔታዎቹንና ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ የገባው ጥቂት ዘይት ነው፤ እሱም ሥራውን ሠርቶ ተቃጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ነዳጅ ሲቀንስ ዘይትም ይቀንሳል። አድማጮች ይህን አንድ ነጥብ እንዲይዙልን እንለምናለን።

አሁን ወደ ግዥው እንሂድ። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ቀለሙና ወንበሩ ቀርቶ መጀመሪያ የሚታየው ሲሊንደሩ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሆድ ዕቃውን ለማሳየት ብዙ አያስቸግርም፤ ማርሚታውን ከሲሊንደሩ ላይ የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፈትቶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ማየት ይቻላል። በመርገጫው ቀስ እያሉ ፒስተኑን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ጎኑ ይታያል። ለስላሳና ወጥ ከሆነ ደግ ነው። ከላይ ወደ ታች የተጋጠ መስመር ካለበት ያ ሞተር ከዚህ በፊት ነክሷል፤ ማለትም ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ያውቃል። ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል ፒስተኑ ላይ ያለው ጭረት ይበልጥ የሚታመን ምስክር ነው።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ይለካል። ካንዴላው ወጥቶ መለኪያው ይገባል፤ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ መርፌው መጨመሩን እስኪያቆም ድረስ ይረገጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መጽሐፉ ላይ የሰፈረው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። በባሕር ዳርቻ 120 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ዲላ ላይ 100 ገደማ፣ 2,800 ሜትር ላይ ደግሞ 85 ገደማ ያሳያል። ሲሊንደሩ ያው፣ የፒስተን ቀለበቱ ያው ነው፤ የተቀየረው የሚታመቀው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ቡሌ ላይ 85 ያየ መካኒክ ያለቀ ሞተር ነው ብሎ ሲሊንደር ሊያስጠርብ ቢነሣ ባለንብረቱን አላስፈላጊ ወጪ ውስጥ ይከተዋል። ዲላ ላይ 70 ካሳየ ግን ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ በእርግጥ ተበልቷል።

የኮሎው ማኅተሞችም ሊዘነጉ አይገባም። በኮሎው ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ያሉት የጎማ ቀለበቶች የኮሎውን ክፍል አየር እንዳያስገባ ይዘጉታል። ዕድሜ ሲጫናቸው ይደርቃሉ። በካምቢዮው በኩል ያለው ሲበላሽ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይመጥጣል፤ ጭሱ ይነጣል፣ የካምቢዮ ዘይቱም ሳይፈስ ይጎድላል። በሌላው በኩል ያለው ሲበላሽ ደግሞ ትርፍ አየር ይገባል። ይህ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ጭስ የለው፣ ነጠብጣብ የለው፣ ምልክቱ ሞተሩ ጋዝ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ታች አለመመለሱና በራሱ መጮሁ ብቻ ነው። ይህን ምልክት ያየ ሞተሩን ይዞ ቁልቁለት ባይወርድ ይሻለዋል።

ዘይቱስ በምን ያህል መጠን? ለብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች የሚመከረው ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ነው፤ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለአምስት ሊትር 100፣ ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለጥንት ሞተሮች መጽሐፋቸው ከዚህ በዛ ያለ ሊያዝ ይችላል። ዘይትን በግምት ከጠርሙስ ማንቆርቆር የተለመደ ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግን በጥቂት ብር ግምትን ያስቀራል። ዘይት በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይጠበቃል የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም። ዘይቱ በቅልቅሉ ውስጥ የቤንዚንን ቦታ ስለሚወስድ ቅልቅሉ ይሳሳል፤ የተረፈው ዘይትም ካንዴላውን ያረጥባል፣ ማርሚታውን በጥላሸት ይደፍናል።

ዘይቱ ደግሞ ለባለ ሁለት ምት የተሠራው መሆን አለበት። ጣሳው ላይ የጃሶ ደረጃ ኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ የሚል ካለ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይስማማል። ለጀልባ ሞተር የሚሸጠው ዘይት በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተቀመመ በመሆኑ ለዳገት አይሆንም። ከመኪና ሞተር የተቀዳ ያለቀ ዘይት መጠቀም ግን ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባ ነው፤ ውስጡ የብረት ብናኝና አመድ አለ። ጭሱም የሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ በ2003 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባለ ሁለት ምት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችን ከጎዳናዋ ያስወጣችው በጭሳቸው ምክንያት ነበር። እነዚያን ተሽከርካሪዎች ያን ያህል አጫሽ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ነጂዎቹ ከልክ በላይ ርካሽ ዘይት መጨመራቸው ነበር።

ኤጂ 100ና ዲቲ 125ን የመሰሉ ያማሃዎች ዘይቱን ለብቻው የሚያጠራቅም ጋንና በልክ የሚረጭ ፓምፕ አላቸው። ያማሃ ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባለሞተሩን ከመቀላቀል ያሳርፈዋል። ነገር ግን ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው ፓምፑ መሥራቱን በዓይኑ ሳያይ ማመን የለበትም። ብዙዎቹ ፓምፖች ከዓመታት በፊት ተቋርጠዋል፤ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ጥሩው ዘዴ የመጀመሪያውን አንድ ታንክ ቤንዚን አንድ ለ50 ቀላቅሎ መሙላትና የዘይቱን ጋን ደረጃ በእስክሪቢቶ ምልክት ማድረግ ነው። ታንኩ ሲያልቅ ዘይቱ ከምልክቱ ዝቅ ካለ ፓምፑ ይሠራል። ካልወረደ እስኪጠገን ድረስ እየቀላቀሉ መንዳት ነው። ጋኑ አንዴ ባዶ ሆኖ ከነበረም እንደገና ሲሞላ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር በፓምፑ ላይ ባለችው ትንሽ ብሎን በኩል መውጣት አለበት፤ አየሩ እያለ ዘይት አይሄድም።

ስለ ቤንዚኑ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን መነገር አለበት። ማደያ ሲደርቅ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ውኃ፣ አቧራ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ቶሎ ያንኳኳዋል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። የግድ ከሆነ በጠርሙሱ ግርጌ የተኛ ውኃ መኖሩን በብርሃን አይቶ፣ በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልሎ፣ ጭነቱን ቀንሶ በቀስታ መንዳት ነው።

ከቤንዚኑ ሌላ አቧራውም መታሰብ አለበት። የጌዴኦ ዞን አፈር ቀይ ነው። በጥርና በየካቲት ደረቅ ወራት ከጎማ ኋላ የሚነሣው አቧራ ደቃቅ ነው፤ ማጣሪያው የተቀደደ ወይም የተጣለ ሞተር ያንን አቧራ ይውጣል። ሲሊንደሩን የሚበላው ይኸው ነው። የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ወይም በሳሙና ውኃ ይታጠባል፤ በቤንዚን አይታጠብም፣ ማጣበቂያውን ይፈታዋልና። ጥላ ላይ ደርቆ በጥቂት ንጹሕ ዘይት ረጥቦ ይጨመቃል፤ አቧራውን የሚይዘው ያ ዘይት ነው። በአቧራ ወራት በየሳምንቱ ቢታይ አይበዛም። ሞተሩ ዳገት እንዲወጣልኝ ብሎ ፊልትሮውን አውልቆ የሚነዳ አለ፤ ያ ሰው ለአንድ ቀን ጉልበት የሲሊንደሩን ዕድሜ እየሸጠ ነው።

አሁን ወደ ካርቡሬተሩ እንግባ። ካርቡሬተር ነዳጁን የሚለካው ጂክለር በምትባል፣ መሐሏ በተበሳ ትንሽ የናስ ዕቃ ነው። አየሩ ሲሳሳ በቀዳዳዋ የሚያልፈው ቤንዚን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቅልቅሉ በቤንዚን እየከበደ ይሄዳል። ዲላ ላይ በልኩ የተስተካከለ ሞተር 2,800 ሜትር ላይ ሲደርስ ከልኩ 6 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ያገኛል። ይህ ሞተሩን ያደነዝዘዋል፣ ጭሱን ያጠቁረዋል፣ ሲነሣ ያስቸግራል፤ አይገድለውም ግን። ትርፍ ቤንዚን ያቀዘቅዛል፣ ዘይትም ይዞ ይገባል።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። አንዱ ባለሞተር ቡሌ ላይ ጂክለሯን በአነስተኛ ቀይሮ ሞተሩን አነቃው እንበል። በሳምንቱ ቡና ጭኖ ወደ ዲላ ሲወርድ አየሩ እየወፈረ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጂክለሯ ግን ያችው ናት። ቅልቅሉ ሳሳ። የሳሳ ቅልቅል በጣም ይግላል፤ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል። ፒስተኑ በሙቀት ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ጋዙ ሙሉ ሲከፈት ነው፤ ባለሞተሩም ቡሌ ላይ ደህና የነበረው ሞተር ዲላ መግቢያ ላይ ለምን እንደቆመ አይገባውም። የበረዶ ተራራ ነጂዎችም ይህንኑ በውድ ዋጋ ተምረውታል፤ ለከፍተኛ ተራራ የተስተካከለ ሞተር ሸለቆ ሲወርድ ይቃጠላል።

ስለዚህ በጌዴኦ ካርቡሬተር የሚስተካከለው ሞተሩ ለሚደርስበት ዝቅተኛና ሞቃት ቦታ ነው። ቤቱ ዲላ ወይም ወናጎ የሆነ፣ ሥራው ደጋ ላይ የሆነ ሰው ለዲላ ያስተካክለው፤ ደጋ ላይ የሚያጣውን ጉልበት በአነስተኛ ማርሽ ይክፈለው። ጊዜውን ሁሉ ደጋ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ቢሆን እንኳ ጂክለር ከመቀየር ይልቅ የካርቡሬተሩን መርፌ በአንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል፤ ያንንም ቆላ ከመውረዱ በፊት መመለስ አለበት። ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው ደግሞ በጂክለሯ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክር፤ ከእሱ በፊት የነዳው ሰው ምን እንዳደረገ የሚነግረው ሌላ የለም። ቀዳዳው ቢደፈን በሽቦ መጎርጎር አይገባም። ናስ ለስላሳ ነው፣ ሽቦው ያሰፋዋል። በቤንዚን ዘፍዝፎ በአየር መንፋት፣ ካስፈለገም ቀጭን የናይለን ክር መጠቀም ይቻላል።

ልኩ መያዙን የሚናገረው ካንዴላው ነው። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ጥቂት በሙሉ ጋዝ ዳገት ወጥቶ፣ ደኅና ቦታ ላይ ፍሪሲዮን ይዞ ወዲያው ማጥፋትና ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ካለው ልክ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እርጥብ ጥቁር ዘይት መብዛቱን ያሳያል። ነጭ ከሆነ ቅልቅሉ ሳስቷል፤ ጥቃቅን የብር ነጠብጣብ የሚመስል ነገር ከታየበት ደግሞ፣ ያ ከፒስተኑ የቀለጠ አሉሚኒየም ነው፤ ሞተሩ ከዚያ አንድ ሜትር እንኳ መሄድ የለበትም።

ጂክለሩ በልኩ ቢሆንም ቁልቁለቱ ራሱ አንድ አደጋ አለው። ጋዙ ተዘግቶ በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ መሬቱ ጎማውን፣ ጎማውም ሞተሩን በፍጥነት ያዞረዋል። ኮሎው በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞረ ነው፤ የሚገባው ነዳጅ ግን ለመቆሚያ የምትበቃዋ ብቻ ናት። ነዳጅ ካነሰ ዘይትም አነሰ፤ ቀደም ብሎ እንዲያዝ የጠየቅነው ነጥብ ይህ ነው። ዘይቱ ታንኩ ውስጥ የሚቀላቀልበት ሞተር ይበልጥ ይጎዳል። ፓምፕ ያለው በመጠኑ ይሻላል፣ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር መዞሩን አያቆምምና፤ እሱም ቢሆን ጋዙ ሲዘጋ የሚረጨው ትንሹን ልክ ነው።

ፍሪሲዮን ይዞ ወይም ማርሽ ነጻ አድርጎ መልቀቅ መፍትሔ አይደለም፤ ጭነት ያለበት ሞተር የከበሮ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። የሚመከረው እንዲህ ነው፦ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ሁለቱንም ፍሬን እየያዙና እየለቀቁ መውረድ፤ በመሐሉም በየጥቂት ሴኮንዱ ጋዙን ለቅጽበት ከፈት አድርጎ መዝጋት። ያች ቅጽበት ትኩስ ቅልቅል፣ ከእሱም ጋር ዘይት ታስገባለች። ረጅም ቁልቁለት መሐል ላይ ቆሞ ፍሬኑን ማቀዝቀዝም ጊዜ ማባከን አይደለም።

በበልግና በመስከረም ዝናብ የሚነዳ ሰው ሌላም ነገር ይጠብቀዋል። ጭቃው በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ገብቶ ሲደርቅ አየሩ ሞተሩን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ያማሃዎቹን የሚያቀዘቅዛቸው የሚነዱበት ነፋስ ብቻ ነው፤ ጫን ያለው ሞተር በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ነፋሱም ትንሽ ነው። ክንፎቹ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በእንጨትና በብሩሽ ይጠረጉ፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። እጥበቱም ወንዝ ውስጥ ባይሆን መልካም ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመሰከረለት ሕዝቡ በዚያ ተዳፋት ላይ ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አንድ ላይ አድርጎ አፈሩንና ውኃውን ጠብቆ መኖሩ ነው። የሞተር ዘይት ወደዚያ ውኃ መግባት የለበትም።

ማርሚታው በየጊዜው መጽዳት አለበት። የሚቃጠለው ዘይት ጥላሸት ሆኖ በጭስ መውጫውና በማርሚታው ውስጠኛ ቱቦ ላይ ይጋገራል። ጉልበቱ ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ ነጂው አይታወቀውም፤ ብዙዎች ሲሊንደሩ አለቀ ብለው ያስፈቱታል። በማርሚታው ጫፍ ያለችውን አንድ ብሎን ፈትቶ ውስጠኛውን ቱቦ ስቦ ማውጣትና ጥላሸቱን መፋቅ ነው። ከሲሊንደሩ የጭስ ቀዳዳ ላይ ሲፋቅ ፒስተኑ እስከ ታች መውረድ፣ መፋቂያውም ብረት ሳይሆን እንጨት መሆን አለበት።

ሞተሩ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ የቤንዚኑ ቧንቧ ተዘግቶ፣ የካርቡሬተሩ ሥር ብሎን ተፈትቶ ቤንዚኑ ይፍሰስ። ቤንዚን ሲተን ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚደፍነውም ትንሿን የመቆሚያ ጂክለር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲሊንደሩ በእርግጥ አልቆ ከተገኘ ይጠረባል፤ ፒስተንም በሚቀጥለው ልክ ይቀየራል። ልኮቹ በሩብ ሚሊ ሜትር ይጨምራሉ፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1 ሚሊ ሜትር። ፒስተኑ መጀመሪያ ይገዛል፤ ሲሊንደሩ የሚጠረበው በተገዛው ፒስተን ልክ ተለክቶ ነው። ተቃራኒው ሲደረግ ክፍተቱ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ከጥረባው በኋላ የሲሊንደሩ የጉድጓዶች ጠርዝ ሁሉ በደቃቅ ሞረድ ይለስልስ፤ ስል ጠርዝ አዲሱን ቀለበት ይሰብራል። ጓርኒሲዮኖቹ አዲስ ይሁኑ፤ የኮሎው ማኅተሞችም አብረው ቢቀየሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ከመፍታት ያድናል።

አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ጭነት ሳይጫንበት፣ ጋዙን ከግማሽ በላይ ሳይከፍቱ፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ መለማመድ አለበት። ለዚህ የሚመቸው ከዲላ በወናጎ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሄደው አስፋልት ነው፤ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በየ15 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ሞተሩን ማቀዝቀዝ፣ በየቀኑ ካንዴላውን ማየት፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሲሊንደሩን ራስ ዳዶዎች እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ቡና ጭኖ ወደ ቡሌ መውጣት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወረድም ዲላ ላይ ሳይሆን ቁልቁለቱ መሐል ቆሞ ካንዴላውን መፈተሽ ይገባል።